እናቶቹስ ምን ሆኑ?

የእህቴ ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት፤ አኒሜ፣ የጃፓን የካርቱን ፊልም፣ ነፍሷ ነው። ባለፈው ክረምት እኛ ጋ ሰንብታ ነበር። አንድ ማታ ላፕቶፗን ይዛ አጠገቤ ቁጭ አለችና «አክስቴ፣ ይቺን አብረን እንያት፤ አጭር ናት፣ ስድስት ክፍል ብቻ» አለችኝ። ታኮፒ የሚባል፣ ሮዝ ቀለም ያለው፣ ኦክቶፐስ የሚመስል ትንሽ ፍጡር ከሌላ ፕላኔት መጥቶ ዓለምን ደስተኛ ላደርግ ነው ይላል። የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም።

ጨርሰነው ስንነሣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች «እሺ፣ እናቶቹስ ምን ሆኑ?» አለችኝ። የምመልስላት አጣሁ። ጥያቄው ግን አብሮኝ ዋለ፣ አብሮኝ አደረ። ወጥ እየሠራሁ ይመጣብኛል፣ ታክሲ ውስጥ ይመጣብኛል። እሷ ወደ ቤቷ ከሄደች በኋላ ፊልሙ የተሠራበትን ማንጋ፣ ማለትም በሥዕል የሚነገረውን የጃፓን ታሪክ፣ ፈልጌ ከመጀመሪያው ጀምሬ አነበብኩት።

ማንጋው «ታኮፒ ኖ ገንዛይ» ይባላል፤ «የታኮፒ ጥንተ አብሶ» እንበለው። የሣለው ታይዛን 5 በሚል የብዕር ስም የሚታወቅ ደራሲ ነው። እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 2021 እስከ ማርች 2022 ሾነን ጃምፕ ፕላስ በተባለው የኦንላይን መጽሔት በየሳምንቱ ወጣ። 16 ምዕራፍ ነው፣ ሁለት ቅጽ። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ያልቃል። አኒሜው የመጣው በ2025 ነው። ከዚህ በኋላ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ስለማወራ፣ ልታነቡት ያሰባችሁ መጀመሪያ እሱን ጨርሱ። ሕፃን ልጅ ራሷን የምታጠፋበት ታሪክ ስለሆነ ልባችሁ ከብዶት ባለበት ጊዜ ደግሞ አትጀምሩት።

ጥርስ ባዳ ነው

ጊዜው እ.ኤ.አ. 2016 ነው። ሺዙካ አራተኛ ክፍል ናት። አባቷ ቤቱን ጥሎ ሄዷል። እናቷ ሌሊት ሌሊት ክለብ ትሠራለች፤ ወንዶች እየመጡ የሚጠጡበት፣ ሴቶች አጠገባቸው ተቀምጠው እየቀዱ የሚያጫውቱበት ቤት። ትምህርት ቤት ደግሞ ማሪና የምትባል የክፍሏ ልጅ መድረሻ አሳጥታታለች። የጀርባ ቦርሳዋ ላይ ስድብ ተጽፎበታል። በዓለም ላይ ያላት ነገር ቻፒ የሚባል ውሻ ነው። ታኮፒን ተርቦ ስታገኘው ዳቦ ሰጠችው፤ እሱም ውለታዋን ሊመልስ፣ ይህችን የማትስቅ ልጅ ሊያስቃት ቆርጦ ተነሣ።

ታኮፒ ክፋት የሚባል ነገር አያውቅም። ልጆች ሲደባደቡ ቢያይ ተጣልተው ነው፣ ይታረቃሉ ይላል። ከፕላኔቱ ይዟቸው የመጣ ተአምረኛ ዕቃዎች አሉት፤ የሚበሩበት ክንፍ፣ የተጣላን የሚያስታርቅ ሪባን፣ ፎቶ ያነሣበት ቅጽበት ላይ የሚመልስ ካሜራ። ቻፒ ማሪናን ነከሰ ተብሎ ሲወሰድ ሺዙካ ሪባኑን አውሰኝ አለችው። ሊታረቁ ነው ብሎ ደስ እያለው ሰጣት። ራሷን ሰቀለችበት። ይሄ ሁሉ የመጀመሪያው ምዕራፍ ውስጥ ነው።

የጃፓን ልጆች ከ1969 ጀምሮ ዶራኤሞን የሚባል ሰማያዊ ድመት ሮቦት ያውቃሉ። ከኪሱ ዕቃ እያወጣ አንዱን ደካማ ልጅ ከችግር ያወጣዋል። እዚያ ታሪክ ውስጥ ያለችውም ልጅ ስሟ ሺዙካ ነው። ታኮፒን ያነበበ ጃፓናዊ ዶራኤሞን ትዝ ሳይለው አይቀርም። እዚህ ግን ዕቃው በወጣ ቁጥር ነገሩ ይብስበታል። ታኮፒ በካሜራው ወደ ኋላ እየተመለሰ ደጋግሞ ይሞክራል። ችግሩ ያለው ቤት ውስጥ ነው፤ የቤቱን በር የሚከፍት ዕቃ ደግሞ አላመጣም።

ከዚያ ያ ገጽ ይመጣል። ማሪና ሺዙካን ጫካ ወስዳ ስትደበድባት ታኮፒ ላስጥላት ብሎ በካሜራው መታት። ማሪና ሞተች፣ ካሜራው ተሰበረ። ሺዙካ ቀና ብላ አየችው። እስከዚያ ገጽ ድረስ ዓይኖቿ ብርሃን የሌለባቸው ጥቁር ሆነው ነው የሚሣሉት። አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ታኮፒ ከፕላኔት ፕላኔት አቋርጦ የመጣለት፣ ስንት ጊዜ የሞከረለት ፈገግታ ይሄ ነው። ከሬሳ አጠገብ።

እኛ ጋ «ጥርስ ባዳ ነው» ይባላል። ታኮፒ ይህን የሚነግረው ሰው አላገኘም። ሳቅ ካለ ደስታ አለ ብሎ ነው የመጣው። እዚያ ገጽ ላይ ስልኬን አስቀምጬ ተነሣሁ። ቡና አፈላሁ። ከዚያ በኋላ ነው መቀጠል የቻልኩት።

የአሥር ዓመት ልጅ ሆድ

ማሪናን ጠልቼ ነበር የጀመርኩት፤ ታሪኩም መጀመሪያ ላይ እንድንጠላት አድርጎ ነው የሚያመጣት። ቀስ እያለ ቤቷን ያሳየናል። አባቷ ክለብ እየሄደ ገንዘቡንም ልቡንም የሚጥለው ለሺዙካ እናት ነው። ባሏ የራቃት እናቷ ንዴቷን የምትወጣው ልጇ ላይ ነው። ማሪና ከሞተች በኋላ ታኮፒ መልኩን ለውጦ፣ ማሪናን ሆኖ እዚያ ቤት ይገባል። ልጅቷ በየቀኑ ምን ውስጥ እየገባች ታድር እንደነበር ያን ጊዜ ነው የሚያየው። ለአንባቢውም እንደዚያው ነው። ሁለቱ ልጆች አንድ ቁስል ነው ያላቸው፤ አንዷ ከወዲህ፣ አንዷ ከወዲያ። በመካከላቸው ግን ዱላ እንጂ ወሬ አልነበረም።

እኔ ያደግኩበት ግቢ ቤቶቹ ግድግዳ ይጋራሉ። ከእኛ ቀጥሎ ያለው የእኩያዬ ቤት ነበር። አባቷ ጠጥቶ ሲገባ ይጮኻል፤ ዕቃ ሲሰበር ይሰማናል። እኛም ቤት ሰላም የሌለባቸው ሌሊቶች ነበሩ፤ እነሱም ይሰማሉ። ጠዋት ደብተራችንን ይዘን አብረን እንሄዳለን። ስለ ሱዚ እናወራለን፣ ስለ ሹሩባ እናወራለን፣ የሒሳብ አስተማሪያችንን እናማለን። ስለ ሌሊቱ ቃል አይወጣንም። አንድ ጠዋት ከንፈሯ አብጦ መጣች። ሳልጠይቃት «በር መታኝ» አለችኝ። «እህ» አልኳት። ኪሴ ውስጥ የነበረውን ቆሎ ግማሹን መዳፏ ላይ አፈሰስኩላት። እየቆረጠምን ሄድን።

ያ ሰውዬ እሑድ እሑድ ሳይጠጣ ሲውል ለሁለታችንም ቦምቦሊኖ ይገዛልን ነበር። ስኳሩ ጣታችን ላይ ሲቀር ይስቅብናል። ልጁን ይወዳታል፤ ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ። ከንፈሯንም አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ሁለቱን አንድ ላይ ማስቀመጥ ይከብደኛል።

ገበናን መሸፈን ጨዋነት ነው ተብለን ነው ያደግነው። ሆድ ይፍጀው። ለትልቅ ሰው ይሄ ጥበብ ሊሆን ይችላል፤ ስንት ትዳር፣ ስንት ጎረቤት በዚህ ተርፏል። የአሥር ዓመት ልጅ ሆድ ግን ስንቱን ይፈጃል? ማሪና በሆዷ የያዘችው ሺዙካ ላይ ዱላ ሆኖ ወጣ። ሺዙካ የያዘችው ወደ ራሷ ዞረ። ሁለቱም «ቤታችን እንዲህ ነው» ብላ የምትነግረው አንድ ሰው ብታገኝ ኖሮ ብዬ ሳስብ ልቤ ይቃጠላል።

ፊታቸው የማይታይ አዋቂዎች

በድጋሚ ሳነበው ያየሁት አንድ ነገር አለ። ወላጆቹ ብዙ ጊዜ ፊታቸው በደንብ አይታይም። ከጀርባ ይሣላሉ፣ ወይ ከአንገት በታች፣ ወይ ዓይናቸው ተሸፍኖ። ታሪኩ ከልጅ ቁመት ነው የሚታየው። ልጅ ደግሞ ወላጁ ለምን እንዲህ እንደሆነ አያይም፤ እጁን ነው የሚያየው፣ ጀርባውን ነው የሚያየው፣ በሩን ሲዘጋው ነው የሚሰማው።

አዙማ የሚባል ልጅም አለ፤ የክፍል አለቃ። ማንም አይመታውም። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ እናቱ የተማረች ናት። ግን ጎበዝ ታላቅ ወንድም አለው፤ እናቱ እሱን የምታየው በወንድሙ በኩል ነው። መቶ ከመቶ ካላመጣ ፊቷ ይጠቁራል። ይሄ ልጅ ሺዙካ «አንተ ትጠቅመኛለህ» ስላለችው ብቻ ሬሳ ሲደብቅ ገባ። ከሦስቱ ልጆች ለእኛ ቤቶች በጣም የሚቀርበው የእሱ ቤት ይመስለኛል። የሰፈሩን ልጅ ውጤት እየጠሩ ልጅን ማሸማቀቅ ስንቱ ቤት ውስጥ ነው ያለው? ጩኸት የለም፣ ዕቃ አይሰበርም፣ ጎረቤትም አይሰማም።

የሺዙካ አባት ደግሞ ቶኪዮ ነው። እሷ ቻፒ አባቷ ጋ እንዳለ ነው የተነገራት። ስለዚህ ታኮፒን ይዛ ፍለጋ ሄደች። በሩን አገኘችው። አዲስ ቤተሰብ አለው፤ ትንንሽ ልጆች አሉት። ለእሷ የሚሆን ቦታ የለውም። ቻፒም የለም። ጃፓን ውስጥ በዚያን ጊዜ ሕግ ወላጆች ሲፋቱ ልጁ ላይ ሥልጣን የሚኖረው አንደኛው ብቻ ነበር፤ የጋራ አሳዳጊነትን የሚፈቅደው የሕግ ማሻሻያ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2024 ነው። ፍቺ ሲመጣ አንደኛው ወላጅ ከልጁ ሕይወት ጨርሶ መጥፋቱ እዚያ አገር የተለመደ ነበር። ይሄ ሰውየውን አያነጻውም። ሺዙካ ግን በሩ ላይ ስትቆም ብዙ የጃፓን ልጆች ከኋላዋ የቆሙ ያህል ተሰማኝ።

«ልጅ በዕድሉ ያድጋል» ሲባል ስሰማ ነው ያደግኩት። ድሃን ለማጽናናት የሚባል ነው፤ ደግ ቃል ነው። ቶኪዮ ያንን በር ካየሁ በኋላ ግን አባባሉን እንደ ድሮው መስማት አቃተኝ። ሺዙካን ያሳደጋት ዕድሏ ነው፤ ሌላ ማንም አላሳደጋትም።

የታኮፒ ጥንተ አብሶም እዚህ አካባቢ ነው የሚገለጠው። ለካ መጀመሪያ ያወቀው ማሪናን ነበር፣ በ2022፣ ትልቅ ልጅ ሆና። ቤቷ ፈራርሶ፣ እናቷ በእጇ ሞታ፣ ያኔ አራተኛ ክፍል እያለን ሺዙካን መግደል ነበረብኝ አለችው። ታኮፒ ወደ 2016 የመጣው ለዚያ ነው። በመንገድ ላይ ትዝታው ተሰረዘ፤ ሊገድላት የመጣው ልጅ ዳቦ ሰጠችው።

«ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

አሁን እኔን ይዞኝ ወደቀረው ቦታ ልምጣ። መጨረሻው አካባቢ ሺዙካና ታኮፒ ብቻቸውን ናቸው። ካሜራው ተሰብሯል። ቻፒ የለም፣ አባት የለም። ታኮፒ ሁሉንም አስታውሷል። ሺዙካ ትመታዋለች። ያቺ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ትጮኻለች፤ ታዲያ እኔ ምን ማድረግ ነበረብኝ ትለዋለች።

ታኮፒ አላውቅም ይላታል።

እስከዚህ ድረስ ለሁሉም ነገር መልስ ነበረው። አልቅሰሻል? እንቺ ክንፍ። ተጣልተሻል? እንቺ ሪባን። አሁን ምንም የለውም። አላውቅም፣ ይቅርታ፣ ምንም ላደርግልሽ አልቻልኩም ይላታል። እኔ ነኝ የማውቅልሽ ብሎ ስንት ጊዜ እንዳላዳመጣት ይገባዋል። ሺዙካ ዱላዋን ታቆማለች። ሁለቱም ያለቅሳሉ። ይሄን ቦታ ደጋግሜ አነበብኩት፤ ለምን እንዲህ እንደሚነካኝ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ።

አሁን እንደሚመስለኝ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለ አዋቂ ሁሉ ያውቃል። የአዙማ እናት ልጇ ምን ማምጣት እንዳለበት ታውቃለች። የማሪና እናት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቃለች። ሺዙካን አንድም ቀን «ምን ሆንሽ?» ብሎ ጠይቆ መልሷን ቁጭ ብሎ የሰማ የለም። አላውቅም ያላት የመጀመሪያው ፍጡር ነው ያቆማት። አዙማንም ያዳነው እንዲህ ያለ ነገር ነው። ሲፈራው፣ ሲቀናበት የኖረው ታላቅ ወንድሙ አንድ ቀን ንገረኝ አለው፤ ነገረው፤ ወንድሙም አልሸሸውም። ወንድሙ የሚያውቀው መፍትሔ የለም። አብሮት ቆመ፣ በቃ።

ያቺ የግቢያችን ልጅና እኔም አንድ ቀን ተናግረናል። ሰባተኛ ክፍል ነበርን፤ ከትምህርት ቤት እየተመለስን ነው። ድንገት ቆም አለችና «ማታ ሰማሽን?» አለችኝ። «ሰማሁ» አልኳት። «የእናንተም ይሰማል» አለችኝ። «አውቃለሁ» አልኳት። ከዚያ ምን እንደነካን እንጃ፣ ሳቃችን መጣ። መንገድ ላይ ቁጭ ብለን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። አባቷ ከዚያም በኋላ ጠጣ። እኛም ቤት ምንም አልተለወጠም። ጠዋት ጠዋት ግን «ማታ ተኛሽ?» ማለት ጀመርን። አልተኛሁም ካለችኝ ቦርሳዋን እይዝላታለሁ። እኔም አልተኛሁም ካልኩ እሷ ትይዝልኛለች። ስለ እናትና አባት መጥፎ መናገር ኃጢአት ነው የሚል ፍርሃት ነበረብን፤ ግን እኛ አንዳቸውንም አልሰደብንም። ያልተኛነውን ሌሊት ነው የተነጋገርነው።

ወደ ማንጋው ልመለስ። ታኮፒ በውስጡ የቀረችውን አቅም ሁሉ ለተሰበረው ካሜራ ሰጥቶ ጊዜውን ይመልሰዋል፤ እሱ ራሱ ይጠፋል። አዲሱ 2016 ውስጥ ታኮፒ የሚባል ፍጡር አልመጣም። ሺዙካ እዚያው ክፍል ናት፤ ማሪናም መጥታ እንደ ድሮው ትነካካታለች። ከዚያ የሺዙካ ደብተር ላይ የተጫረች አንዲት ሥዕል ታያለች፤ ኦክቶፐስ የሚመስል ነገር። ከታኮፒ አፍ ደጋግመን የሰማነው፣ መነጋገር ደስታን ይወልዳል የሚለው አባባሉ እዚህ ይመለሳል። ሁለቱም የማያስታውሱት ነገር ሆዳቸውን ይበላቸዋል፤ ቆመው ያለቅሳሉ። ዓመታት አልፈው ደግሞ በ2022 አብረው ሲሄዱ እናያቸዋለን፤ ጓደኛሞች ሆነዋል። አዙማም ከወንድሙ ጋር ተግባብቶ፣ የራሱን ጓደኞች ይዞ ይታያል።

እናቶቹስ? ምንም አልሆኑም። ገጹን ወደ ኋላም ወደ ፊትም ገለጥኩ፤ የንስሓ ትዕይንት የለም። ልጇን ይቅርታ የምትጠይቅ እናት የለችም። ቶኪዮ ያለው በር አልተከፈተም። ሁለቱ ልጆች ከትምህርት ሲወጡ የሚመለሱት ወደዚያው ቤት ነው። የተለወጠው የሚሰማቸው አንድ ሰው ማግኘታቸው ነው።

ለእህቴ ልጅ ይህንኑ ደውዬ ነገርኳት። አልተዋጠላትም። «ታዲያ ይሄ ፍትሕ ነው?» አለችኝ። አይደለም። ማሪና ሺዙካ ላይ ያደረገችውም በአንድ ልቅሶ የሚታጠብ አይደለም፤ እዚህ ላይ ከእሷ ጋር እስማማለሁ። መጨረሻው ፈጠነ፣ ሁለት ቅጽ አነሰው፣ ዕርቁ ቀለለ የሚሉ አንባቢዎች ብዙ ናቸው፤ ቅሬታቸው ባዶ አይደለም። ታይዛን 5 ራሱ የጨረሰው አይመስለኝም። በዚያው በ2022 መጨረሻ በሳምንታዊው ሾነን ጃምፕ የጀመረው ቀጣዩ ሥራው «የኢቺኖሴ ቤተሰብ ታላቅ ኃጢአት» ነው። እንደገና ቤተሰብ፣ እንደገና ኃጢአት።

ለታኮፒ ግን ሌላ ቅጽ አልመኝም። የሚጨመረው ቅጽ ውስጥ ወላጆቹ መምጣት ነበረባቸው፤ መጸጸት፣ ማልቀስ፣ ልጆቻቸውን ማቀፍ ነበረባቸው። የምናነበው ሁላችን እሱን እንፈልጋለን፤ እኔም እፈልጋለሁ። ቢጻፍ ግን አላምነውም ነበር። ሁለት ልጆች እየተነጋገሩ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ አምናለሁ፤ ስላየሁት።